የመጀመሪያ ጊታሬን በእጄ እየሠራሁ ነው፤ የፊት ሰሌዳውን ምን ያህል ላሳሳው?

ጀማሪው_ጠራቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ጊታር ስጫወት ዓመታት ሆኖኛል። አሁን ግን አንዱን ከጥሬ እንጨት ተነስቼ በእጄ ልሥራ ብዬ ቆርጫለሁ። በእንጨት ሥራ ከመደርደሪያና ከጠረጴዛ አልፌ አላውቅም። የምሠራው ቤት ውስጥ፣ አንዲት ትርፍ ክፍል ውስጥ ነው። ትልልቅ ማሽን የለኝም። መላጊያ፣ መሮ፣ መጋዝ፣ ሞረድና ጥቂት ሞርሳ አለኝ።

ፕላኑን በሙሉ መጠኑ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የብረት ክር የሚሸከም ጊታር ነው። ከነት እስከ ሳድል፣ ማለትም ክሩ በአንገቱ ጫፍና በሳጥኑ ላይ ከሚያርፍባቸው ሁለት ድጋፎች መካከል፣ 645 ሚሊ ሜትር ነው። አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኘው 14ኛው ፍሬት (አንገቱን የሚያቋርጠው ቀጭን ብረት) ላይ ነው። ጎኖቹን የሚይዘውን ፎርም ከፕላይውድ ቆርጬ ደራርቤ ሠርቻለሁ።

የፊት ሰሌዳው ስፕሩስ የሚባል እንጨት ነው። ሁለቱን ግማሽ ለማጣመር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጠርዛቸውን ገጥሜ ወደ መስኮት ሳነሳቸው መሃል ላይ ጭላንጭል ይታየኝ ነበር። መላጊያዬን እንደገና ሳልኩት። በጣም ስስ እያደረግሁ ላግሁ። ብርሃኑ ጭራሽ ሲጠፋ ነው ኮላ የቀባሁት። አሁን መጋጠሚያውን በዓይን መለየት ይከብዳል።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ሰሌዳው አሁን 4 ሚሊ ነው፤ ምን ያህል ላሳሳው? ሁለተኛ፣ ጎኖቹን በሙቀት ማጠፍ ፈርቻለሁ። ማሆጋኒ ነው ያለኝ፤ ትርፍ ደግሞ የለኝም።

ጋሼ_መሮ

ልጄ፣ መጋጠሚያውን ወደ ብርሃን አንስተህ ማየትህ ደስ ብሎኛል። ኮላ ክፍተት አይሞላም። ክፍተቱን መዝጋት ያለበት መላጊያ ነው።

ስለ ውፍረቱ። ለብረት ክር ስፕሩስ ብዙ ጊዜ ከ2.8 እስከ 3 ሚሊ አካባቢ ላይ ያርፋል። ለናይለን ክር ከዚያ ይሳሳል፤ 2.3 ወይም 2.5 ሊደርስ ይችላል። አንተ ግን 3.2 ላይ ስትደርስ ቁም። ከዚያ በኋላ ከመለኪያው ይልቅ እጅህን ስማ።

ምክንያቱ ይኸው። የአንድ ሰሌዳ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ (በኩብ) ነው የሚወርደው። ከ3 ሚሊ ወደ 2.7 ስትወርድ ያነሳኸው አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ጥንካሬው ግን ከሩብ በላይ ይጠፋል። ሰሌዳው እየሳሳ ሲሄድ እያንዳንዷ ፍቅፋቂ ከቀረው ጥንካሬ የምትወስደው ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል።

ሰሌዳውን ከጠርዙ ገባ ብለህ በሁለት ጣት አንጠልጥለውና መሃሉን በሌላኛው እጅህ ጣት አንኳኳው። ወፍራም ሲሆን ድምፁ ቶሎ ይሞታል፤ ጣውላ እንደመምታት ነው። እየሳሳ ሲሄድ ድምፁ ወፈር ይላል፣ ረዘም ብሎም ይቆያል። ከዚያ በሁለት እጅህ ይዘህ አጠፍ አድርገው። በርዝመቱ አሁንም ጠንካራ መሆን አለበት። በወርዱ ግን እሺ ማለት ሲጀምር ይሰማሃል። ያኔ ተው። ከኔ ቁጥር 0.2 ሚሊ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ አትጨነቅ። ሁለት የስፕሩስ ሰሌዳዎች ከአንድ ግንድ ወጥተው እንኳ አይመሳሰሉም።

የእንጨት_ሽታ

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ የምጨምረው፣ ልኬቱን በሰሌዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ ጻፈው። በየቦታው። ሁለተኛውን ስትሠራ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አታገኝም።

ስድስተኛው_ክር

ወንድሜ፣ ጎንና ጀርባውን በሮዝውድ ብታደርገው ድምፁ አይሻልም ነበር? ከታወቁት ጊታሮች ብዙዎቹ ሮዝውድ ናቸው።

ጋሼ_መሮ

ሮዝውድ ድንቅ እንጨት ነው፤ አልክድም። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አልመክረውም። ማሆጋኒ ለመላጊያም ለሙቀትም ይታዘዛል።

አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የሚባል ስፔናዊ ነበር። ከ1817 እስከ 1892 የኖረ ሰው ነው። የዛሬውን የክላሲክ ጊታር መልክ ያስያዘው እሱ ነው። በ1862 አንድ ጊታር ሠራ። ፊቱ ስፕሩስ ነው። ጎኑና ጀርባው ግን ከወረቀት ካርቶን ነው። ድምፁን የሚያመጣው የፊት ሰሌዳው መሆኑን ለማሳየት ነው እንዲህ ያደረገው። ጊታሩ ዛሬም ባርሴሎና በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም አለ። ጀርባው ምንም ለውጥ አያመጣም እያልኩ አይደለም። ጀማሪ ልቡንና ገንዘቡን ማዋል ያለበት ግን ፊቱ ላይ ነው።

የእንጨት_ሽታ

ሌላም ነገር አለ። የሮዝውድ ዝርያዎች በሙሉ ከጥር 2017 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብተዋል። የብራዚሉ ደግሞ ከ1992 ጀምሮ ከሁሉም በጠበቀው ዝርዝር ውስጥ ነው። በ2019 መጨረሻ ላይ፣ ከብራዚሉ በስተቀር፣ ተሠርተው ላለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነገሩ ላላ ብሏል። ጥሬውን እንጨት ከድንበር ድንበር ለማሻገር ግን አሁንም ወረቀት ያስፈልጋል። አቧራውም ብዙ ሰው ላይ የቆዳና የመተንፈሻ አለርጂ ያስነሳል። የትኛውንም እንጨት ስትፍቅ ጭምብል አድርግ። ይሄን በቁም ነገር ነው የምልህ።

ጀማሪው_ጠራቢ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። 3 ሚሊ ላይ ቆሜያለሁ። ልክ እንዳሉት 3.2 አካባቢ ድምፁ ድንገት ተለወጠ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ብርድ ልብስ ተነሥቶለት የተከፈተ ይመስል ነበር።

አሁን ብሬስ የምንላቸውን ደጋፊ ዘንጎች ልለጥፍ ነው። ፕላኑ ላይ ኤክስ ቅርጽ ናቸው። ኮላውን በተመለከተ ምክር እፈልጋለሁ።

ጋሼ_መሮ

እኔ ሁልጊዜ የቆዳ ኮላ ነው የምጠቀመው። በውሃ ዘፍዝፈህ፣ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አሙቀህ ትቀባዋለህ። ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል። ክሩ ሲጎትተው አይንሸራተትም። ከዓመታት በኋላ መጠገን ቢያስፈልግ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል።

ስድስተኛው_ክር

ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የቆዳ ኮላ ከቀቡት በኋላ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጀማሪ ሞርሳውን ሳያጠብቅ ረግቶ ይጠብቀዋል። ያኔ የተለጠፈ የሚመስል፣ ግን ያልያዘ ብሬስ ይኖረዋል። ቢጫው የእንጨት ኮላ ጥቂት ደቂቃ ያህል ይታገሳል። በሙቀትም ይለቃል። እኔ አራት ጊታር በሱ ሠርቻለሁ፤ አንድም ብሬስ አልተነሳብኝም።

ጋሼ_መሮ

ልክ ነህ። እኔ እጄ ለምዶት ነው። ለመጀመሪያው ቢጫውን ይጠቀም። ነጩን፣ ሲደርቅ ለስላሳ ሆኖ የሚቀረውን ግን አይንካ፤ በተለይ ክሮቹ ፊቱ ላይ ለሚታሰሩበት ለብሪጅ። ስድስት የብረት ክር ተቃኝቶ ሲቆም ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታል። ያ ጭነት ቀንም ሌሊትም አይነሳለትም። ለስላሳ ኮላ ቀስ በቀስ ይሸሻል።

ቃኚዋ

ብሬስ ከመለጠፍህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ክፍልህ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ አለ?

ጀማሪው_ጠራቢ

የለኝም እህቴ። በጣም አስፈላጊ ነው?

ቃኚዋ

ከሞርሳም በላይ። እኔ የመጀመሪያዬን ያበላሸሁት በሱ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በርዝመቱ ምንም አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። በወርዱ ግን ይንቀሳቀሳል። የጊታር ፊት በሰፊው ቦታ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ወደ 45 ቢወርድ ይህ ወርድ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊያጥር ይችላል። ብሬሶቹ ደግሞ ሰሌዳውን አቋርጠው ተለጥፈዋል። እነሱ በርዝመታቸው አያጥሩም። ሰሌዳው ማጠር ይፈልጋል፣ ብሬሱ ይከለክለዋል። የቱ ይሸነፋል? ሰሌዳው ይሰነጠቃል።

እኔ ዝናብ በዝናብ በሆነ ሳምንት ለጠፍኩ። አየሩ ሲደርቅ ፊቱ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ሰመጠ። አንድ ጠዋት ደግሞ ከብሪጁ ሥር እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ሌሊት ሲሰነጠቅ ሰምቼዋለሁ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም ነበር።

ስለዚህ ብሬስ የምትለጥፈው እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል ሲሆን ነው። ሰሌዳውም በዚያ አየር ውስጥ ቢያንስ ጥቂት ቀን መክረም አለበት። መለኪያ ስታገኝ ወዲያው አትመነው። አንድ ክዳን ሙሉ የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ አርጥብ፤ ጭቃ ይምሰል እንጂ አይሟሟ። ከመለኪያው ጋር በሚዘጋ ከረጢት ውስጥ አሽገህ አሳድረው። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 70 ካሳየ 5 እየደመርክ ታነባለህ።

ጋሼ_መሮ

ልጄ ቃኚዋ፣ ይህን ማንም ከዚህ አሻሽሎ አይጽፈውም። እኔ የምጨምረው አንድ ነው። ብሬሶቹን ቀጥ አድርገህ አትለጥፍ። ሰሌዳው ላይ የሚያርፈውን ገጻቸውን በጣም ለዘብ ባለ ቅስት ላገው። ለፊቱ 8.5 ሜትር ሬዲየስ በቂ ነው። በ40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ላይ መሃሉ ከጠርዙ የሚበልጠው 2 ሚሊ ከምናምን ብቻ ነው። ለጀርባው 4.6 ሜትር አድርገው፤ እሱ 4 ሚሊ ይሰጥሃል። አየሩ ሲደርቅ ቅስቱ ይረግባል፤ ከመሰንጠቁ በፊት መሄጃ አለው።

ጀማሪው_ጠራቢ

መለኪያውን አገኘሁ። የጨው ሙከራውን ሠራሁ። 71 አለኝ፤ ስለዚህ 4 እደምራለሁ። ክፍሌ 63 በመቶ ላይ ነበር! ለጥፌው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚደርስብኝ አሁን ገባኝ። ቃኚዋ፣ ሰሌዳዬን አዳንሽልኝ።

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። 46 ላይ ሲወርድ ለጠፍኩ። ረጅም ሞርሳ ስላልነበረኝ ዱላ ተጠቀምኩ። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ አንድ ጠንካራ ሰሌዳ በአራት ቋሚ አሰርኩ። ከሁለቱ ርቀት ትንሽ የሚረዝሙ ቀጫጭን ዘንጎች በመሃል አጉብጬ ብሬሶቹ ላይ አቆምኩ። ዘንጎቹ ለመቃናት ሲታገሉ ብሬሱን ይጫኑታል። በጣም ጥሩ ሠራ።

ከዚያ ብሬሶቹን በመሮ ጠረብኩ። ጫፋቸው እየሳሳ እንዲሄድ። ይህ የሥራው ሁሉ ደስ የሚለው ክፍል ነው። መሮው ሲሳል ስፕሩሱ እየተጠቀለለ ይወርዳል። በየጊዜው ቆም ብዬ አንኳኳለሁ። ምሽቱን ሙሉ እንዲህ አመሸሁ።

ስድስተኛው_ክር

ወደ ዳር የሚሄዱትን ጫፎች ቀንስ፤ የኤክሱ መገናኛ ላይ ግን አትንካ። የብሪጁን ጭነት የሚሸከመው እሱ ነው። የብሬስ ቁመት ሲቀንስም ያው የጋሼ ሕግ ይሠራል። ቁመቱን በግማሽ ብትቀንስ የሚቀርህ ጥንካሬ አንድ ስምንተኛ ነው።

ጀማሪው_ጠራቢ

ዛሬ ግን ከፋኝ። የመጀመሪያው ጎን ወገቡ ላይ ሲደርስ ተሰበረ። ግማሽ ድረስ ነው የተሰነጠቀው። የብረት ቱቦ ከውስጥ በሙቅ አየር ማሽን አሙቄ ነበር። እንጨቱን ለአንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ። የት ነው የተሳሳትኩት? ትርፍ እንጨት እንደሌለኝ ነግሬያችሁ ነበር። አሁን ሥራውን ሁሉ ትቼ ተቀምጫለሁ።

የእንጨት_ሽታ

አይዞህ። ውፍረቱ ስንት ነበር?

ጀማሪው_ጠራቢ

2.7 ሚሊ። ጠንከር እንዲል ብዬ ነበር።

የእንጨት_ሽታ

እሱ ነው። ጎኑን 2 ሚሊ አድርሰው። 2.7 ሲታጠፍ የውጭው ገጽ ከሚችለው በላይ ይለጠጣል።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ነው። እንጨትን የሚያጥፈው ሙቀት እንጂ ውሃ አይደለም። ቃጫዎቹን አንድ ላይ የያዘው ነገር ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። ውሃው እንጨቱ እንዳያርር ይጠብቃል፣ ሙቀቱንም ወደ ውስጥ ያደርሳል። ሰዓት ሙሉ መዘፍዘፍ ግን ሰሌዳውን ያወላግደዋል። በእርጥብ ጨርቅ አበስ ማድረግ ይበቃል።

ቱቦህ ምናልባት አልሞቀም። የውሃ ጠብታ ጣል አድርግበት። ጠብታው እየተንጫጫ መዝለል አለበት፤ 150 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ከውጭ በኩል ስስ ቆርቆሮ ደግፍበት። ቆርቆሮው ቃጫዎቹ እንዳይነሱ ይይዛቸዋል። ከዚያ አትግፋ። እንጨቱን ቱቦው ላይ እያወዛወዝክ ጠብቅ። ድንገት እንደ ቆዳ እሺ ሲልህ ይሰማሃል። ያኔ ብቻ ነው የምታጥፈው። ወገቡን መጀመሪያ አድርግ፤ ከሁሉ የጠበበው እሱ ነው።

ቃኚዋ

የተሰበረውን አትጣለው። 2 ሚሊ አድርሰህ መለማመጃ አድርገው። ለሁለቱም ጎኖች ሌላ ዓይነት እንጨት ብታገኝም ችግር የለውም፤ ዋናው ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ጀማሪው_ጠራቢ

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመለስኩ። አዲስ የጎን እንጨት አገኘሁ፤ ይሄኛውም ማሆጋኒ ነው። በተሰበረው ላይ አምስት ጊዜ ተለማመድኩ። አራተኛው ላይ ነው ያ «እሺ ማለት» የገባኝ። ለመግለጽ ይከብዳል፤ በመዳፍ የሚታወቅ ነገር ነው። ሁለቱም ጎኖች ታጥፈው ፎርሙ ውስጥ አድረዋል።

በውስጥ ጠርዝ የሚዞረውን ሽንሽን የእንጨት ቀበቶ የለጠፍኩት በልብስ መቆንጠጫ ነው። ወደ ስልሳ የሚሆኑ ወሰደብኝ። ፊቱና ጀርባውም ተለጥፈዋል። ሳጥኑ ተዘግቷል!

ቀጣዩ ፍሬቶቹ የሚተከሉበት የአንገቱ ሰሌዳ፣ ፍሬትቦርዱ ነው።

ቃኚዋ

እንኳን ደስ አለህ! ፍሬትቦርዱ ላይ ግን አደራ። እያንዳንዱን ፍሬት ከነቱ ጀምረህ ለካ። ካለፈው ፍሬት አትለካ።

ሕጉ ቀላል ነው። የቀረውን ርዝመት ለ17.817 ታካፍላለህ። 645 ሲካፈል የመጀመሪያው ፍሬት 36.2 ሚሊ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው ከነቱ 70.4 ላይ ነው። 12ኛው ልክ ግማሹ ላይ፣ 322.5 መውደቅ አለበት። ሁሉንም አስቀድመህ አስልተህ ጻፍ። ከዚያ የብረት ማስመሪያውን ሳታነሳ በሰላ ቢላ ምልክት አድርግ። እርሳስ ወፍራም ነው። ከፍሬት ወደ ፍሬት ስትለካ የአንዱ ስህተት ለሚቀጥለው ይወረሳል። 12ኛው ላይ ስትደርስ ተጠራቅሞ ጆሮ የሚሰማው ይሆናል።

ስድስተኛው_ክር

ብሪጁን ደግሞ ልክ 645 ላይ አትለጥፈው። ክር ሲጫኑት ይወጠራል፤ ስለዚህ ድምፁ ከፍ ይላል። ያንን ለማካካስ ሳድሉ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለቀጭኑ ክር ወደ 2 ሚሊ፣ ለወፍራሙ ወደ 5 ሚሊ። ሳድሉ ሰያፍ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጋሼ_መሮ

አንገቱንም ከመለጠፍህ በፊት ቀጥ ያለ ረጅም ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አስተኛ። ጫፉ የብሪጁን አናት ነካ ማድረግ አለበት። ከሱ በታች ከወደቀ የአንገቱን መጋጠሚያ እየፈቀፈቅክ አንግሉን አስተካክል። ብዙ ጀማሪ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ ማስተካከል ትልቅ ሥራ ነው።

ቫርኒሽ ስትቀባ ብሪጁ የሚያርፍበትን ቦታ ሸፍነው። ኮላ የሚይዘው ጥሬ እንጨት ብቻ ነው። ለቤት ሥራ ሼላክ እመክርሃለሁ፤ በጨርቅ እየተቀባ በቀጭን በቀጭኑ ይነባበራል። የድምፁን እንቅስቃሴ አይጫንም።

ጀማሪው_ጠራቢ

ክር አሰርኩለት።

ብሪጁን ከለጠፍኩ በኋላ ሙሉ ቀን አሳደርኩት። ዛሬ ጠዋት ቀስ እያልኩ፣ በየተራ እያጠበቅኩ ቃኘሁት። ክር በጨመርኩ ቁጥር ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አስጠጋ ነበር። ምንም አልተንቋቋም። የመጀመሪያውን ኮርድ ስመታ ድምፁ ደረቴ ላይ ነው የተሰማኝ። በዚህ መልኩ ይጮኻል ብዬ አልጠበቅኩም። ወፍራሞቹ ክሮች ጥልቅ ናቸው። ቀጭኖቹ ገና ትንሽ የታፈኑ ይመስላሉ።

ሁለት ችግር አለ። 12ኛው ፍሬት ላይ ስድስተኛው ክር 3.2 ሚሊ ከፍታ አለው፤ እጅ ያደክማል። ሦስተኛው ክር ደግሞ ሳይጫን ባዶውን ሲመታ ይንዛዛል። ፍሬት ስጫን ግን ይጠፋል።

ስድስተኛው_ክር

እሰይ! ከፍታውን 2.6 ለማድረስ ሳድሉን በዚያ በኩል 1.2 ሚሊ ቀንስ። 12ኛው ፍሬት መሃል ስለሆነ ሳድሉ ላይ የሚነሳው እጥፍ ነው። ከሥሩ ነው የምትሞርደው፤ አናቱን አትንካ።

ቃኚዋ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ባዶው ብቻ ከተንዛዛ ነቱ ላይ ያለው መስመር ጠልቋል ማለት ነው። ከሌላ አጥንት ጥቂት ዱቄት ሞርድ፤ መስመሩ ውስጥ ሙላውና አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጣል አድርግበት። ሲደርቅ መስመሩን እንደገና ክፈት። ትንሽ ወደ መቃኛው በኩል ያዘንብል።

ጋሼ_መሮ

ቀጭኖቹ ስለታፈኑ አትጨነቅ። ሰሌዳው ክር ከተሸከመ ገና አንድ ቀኑ ነው። ሁለት ሳምንት ሳትነካካው ተጫወትበት። ከዚያ ፊቱ ከብሪጁ በፊት ምን ያህል እንደሰመጠ፣ ከኋላው ምን ያህል እንዳበጠ በማስመሪያ ለካና ንገረን።

ጀማሪው_ጠራቢ

የነቱ ጥገና ሠርቷል፤ ሦስተኛው ክር ጠርቷል። ሳድሉን ቀንሼ 2.6 ላይ ነው። ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ሞላው። ከብሪጁ ኋላ ያለው እብጠት ከመጀመሪያው 1 ሚሊ ገደማ ጨምሯል። ካለፉት አራት ቀናት ወዲህ ግን አልተንቀሳቀሰም። ቀጭኖቹ ክሮች ከፈት ብለዋል፤ በተለይ 5ኛው ፍሬት አካባቢ።

ጋሼ_መሮ

1 ሚሊ ጤነኛ ነው። ቁሟል። አሁን የብሬሶቹን ልክና የሰሌዳውን ውፍረት እዚሁ ጻፍልን፤ 3 ሚሊ ስፕሩስ ይህን ያህል ከሰጠ ለሚቀጥለው 2.9 ላይ እንነጋገራለን።